ጉንፋን ወደ ነርቭ ሲሻገር፤ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ-19

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው መንገዱን የሚያገኘው ጭስ ገልጦ ነው። በየአጥሩ ሥር የተጠረገ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌን፣ ጆንያና ቁርጥራጭ ወረቀት ተከምሮ ይነዳል። ሕፃናት እሳቱን ይከብባሉ፤ እናቶች ግቢውን ጠርገው የመጨረሻውን አካፋ ቆሻሻ ይጨምሩበታል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። የጤና ባለሙያ የሆነ ሰው በዚያ ማለዳ ሁለት ነገር ማሰቡ አይቀርም። አንደኛው፣ በማግሥቱ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት የአስም ሕሙማን ናቸው። ሁለተኛው ታሪክ ነው፤ እሳቱ በሕዝቡ ዘንድ የአንድ ወረርሽኝ ማስታወሻ ሆኖ ኖሯልና።

ስለ ኅዳር በሽታ በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ ጥቂት የማይባል ተጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥተውበታል፤ ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም ካዩትና ከሰሙት ጽፈው ያስቀሩት የዘመን ትዝታ አለ። እነዚህ ጽሑፎች የሚነግሩን ስለ ሟቾችና ስለ ቀብር፣ ስለ ከተማው ጭንቀትና ስለ መኳንንቱ ሕመም ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ልናነሣ ይገባናል። ትኩሳቱ ለቅቋቸው፣ ሳሉ ቆሞላቸው፣ ከአልጋ ተነሥተው ሳለ ከሳምንታት ወይም ከዓመታት በኋላ በነርቭ ሥርዓታቸው ላይ ሌላ ነገር የደረሰባቸው ሰዎች ጉዳይ እንዴት ያለ ነበር? ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ተከትሎ ከ1911 ዓ.ም. ተነሥቶ እስከ እኛ ዘመን ይጓዛል።

በ1911 ዓ.ም. ለቡ የአዲስ አበባ ሠፈር አልነበረም፤ ከከተማው ውጭ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ገጠር ነበር። የከተማው ደቡባዊ በር የባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይዘልቅ ወረርሽኙ ተከተለ፤ ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር የገባውም በዚሁ መስመር እንደሆነ ይታመናል። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ከባሕር የሚነሣ ነጋዴ ደጋው ላይ የሚደርሰው ከሳምንታት የቅሎና የግመል ጉዞ በኋላ ስለነበረ፣ የሁለትና የሦስት ቀን የመፈልፈያ ጊዜ ያለው ሕመም በመንገድ ላይ ሰውየውን አሳምሞ ወይም ይለቀዋል ወይም ይገድለዋል። ባቡሩ ይህን የተፈጥሮ ኬላ አነሣው። ዛሬ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ የሚገኘው በዚሁ በእኛ አካባቢ፣ በፉሪ–ለቡ መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይገርመኛል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. መስመሩ ሲመረቅ ስለ ጭነትና ስለ ፍጥነት ብዙ ተነገረ፤ ስለ ኅዳር በሽታ ያነሣ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1918፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። አውሮፓ ደወል ሲያስደውል አዲስ አበባ መታመም ጀመረች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሞቱት የከተማው ነዋሪዎች ከ9 ሺህ እስከ 10 ሺህ ይገመታሉ። የከተማው ሕዝብ በጠቅላላው ከጥቂት አሥር ሺዎች የማይበልጥ ስለነበረ፣ ይህ ማለት በየቤቱ ለቅሶ ገባ ማለት ነው። ቀብር የሚቆፍር ጠፋ፤ ለቀስተኛው ራሱ ተኛ። ሐኪም እንኳን ለሕዝቡ ለቤተ መንግሥቱም የሚበቃ አልነበረም። ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በቀር ይህ ነው የሚባል ትልቅ የሕክምና ተቋም አልነበረም። በሽታው እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ በእኛም አገር ከሽማግሌውና ከሕፃኑ ይልቅ ጎልማሳውን መርጦ መታ። የ26 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጠና ታመው ነበር፤ በኋላ በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀና እርሳቸውም በእግዚአብሔር ቸርነት ከሞት እንደተረፉ ያወሳሉ።

በዚያን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ምን እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረም። ብዙዎች የፈይፈር ባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ ይጠረጥሩ ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው፤ የ1918ቱ ቫይረስ ሙሉ የዘር ቅንብር ታውቆ የታተመው ደግሞ በ2005 ነው። ከሟቾቹ አብዛኛዎቹን የጨረሰው ቫይረሱ ብቻውን ሳይሆን እርሱ በከፈተው በር የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች እንደነበረም ከተጠበቁ የሳንባ ናሙናዎች ተረጋግጧል። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሞቱ መንስኤ ሳንባ ላይ ሲታይ አንጎልን የሚመረምር አይኖርም።

አንጎልን የመረመረ ሰው ግን በቪየና ነበር። ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በትውልድ ግሪካዊ፣ በዜግነት ኦስትሪያዊ፣ ከሐኪምነቱ በተጨማሪ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1916 ወደ 1917 በተሻገረው ክረምት እርሱ ወደሚሠራበት ክሊኒክ እንግዳ ሕሙማን ይመጡ ጀመር። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ይቀድማል፤ ከዚያ ሕመምተኛው ይተኛል። ቢቀሰቅሱት ይነቃል፣ ለጥያቄ ይመልሳል፣ ምግቡን አፉ ውስጥ እንደያዘ መልሶ ያንቀላፋል። የዓይኑ ሽፋን ይወድቃል፤ ዓይኖቹ አብረው መዞር ይሳናቸዋል። ሌሎቹ በተቃራኒው ቀንና ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ይቅበጠበጣሉ። ፎን ኤኮኖሞ በሽታውን በ1917 «ኤንሴፋላይተስ ሌታርጂካ» ብሎ ሰየመው። በአማርኛ «አንቀላፊ የአንጎል ብግነት» ብንለው ይሻላል እንጂ «የእንቅልፍ በሽታ» ማለቱ ያሳስታል። በእኛ አገር የእንቅልፍ በሽታ ሲባል የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሰው ላይ የታየው ሌላ ሕመም ነውና።

የፎን ኤኮኖሞ ብልሃት ስም ማውጣቱ ላይ አላበቃም። የሟቾቹን አንጎል ከፍቶ ሲመለከት፣ ከመጠን በላይ ይተኙ የነበሩት ጉዳታቸው ከሃይፖታላመስ በስተኋላ፣ እንቅልፍ አጥተው የነበሩት ደግሞ ከፊቱ መሆኑን አየ። ስለዚህ እንቅልፍ የድካም ውጤት ብቻ ሳይሆን አንጎል ውስጥ የራሱ ማዕከል ያለው ሥራ ነው አለ። ሰማንያ ዓመት አልፎ በ1998 ኦሬክሲን የተባለው ኬሚካል በዚያው አካባቢ ሲገኝ፣ የቪየናው ሐኪም በማጉሊያ መነጽር ብቻ ምን ያህል ርቆ እንደተመለከተ ታወቀ።

ወረርሽኙ ለአሥር ዓመታት ያህል በዓለም ዙሪያ ሲዘዋወር ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ በኋላ እንዳመጣጡ ጠፋ። ከተያዙት አንድ ሦስተኛው ያህል ሞቱ። የተረፉት ብዙዎቹ የዳኑ መሰሉ፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ፊታቸው ደረቀ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሐውልት ቆመው ቀሩ። ኒውዮርክ ውስጥ በብሮንክስ በሚገኝ ሆስፒታል እንደነዚህ ያሉ ሕሙማን ለአሥርተ ዓመታት ተኝተው ነበር። ኦሊቨር ሳክስ የተባለው ሐኪም በ1969 ኤልዶፓ ሲሰጣቸው ለጥቂት ጊዜ ተነሥተው ተናገሩ፣ ተራመዱ፤ ብዙዎቹ ግን መልሰው ወደ ነበሩበት ወይም ወደ ከፋ ሁኔታ ገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ይህን የአንጎል ብግነት ያመጣው ኢንፍሉዌንዛው ነው ወይ? ብዙ ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ በመማሪያ መጻሕፍትም እንደዋዛ ተጽፎ ይገኛል። ማስረጃው ግን ሁለት ፊት አለው።

ነው ለሚሉት ጠንካራው ምስክር የሳሞአ ደሴቶች ታሪክ ነው። ታሉን የተባለች መርከብ ከኒውዚላንድ ተነሥታ እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1918 ሕሙማን እንደጫነች ምዕራብ ሳሞአ ደረሰች፤ የሚያግዳት አልነበረም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ ማለት አዲስ አበባ ልትታመም በተቃረበችበት በዚያው ሰሞን። ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ አለቀ። ከእርሷ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው የአሜሪካ ሳሞአ ግን አስተዳዳሪዋ ጆን ፖየር ማንም እንዳይገባ ስለከለከለ በወረርሽኙ አንድም ሰው አልሞተባትም። ራቨንሆልትና በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ስሙ የታወቀው ዊልያም ፌጊ እ.ኤ.አ. በ1982 የሁለቱን ደሴቶች የሞት መዝገብ አመዛዝነው ሲያቀርቡ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በአንቀላፊው የአንጎል ብግነት የሞቱት እጅግ የሚበዙት ኢንፍሉዌንዛው በገባባት በምዕራብ ሳሞአ መሆኑን አሳዩ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ አየር፣ አንድ ዓይነት ምግብ፤ ልዩነቱ የአንድ ወደብ መዘጋትና መከፈት ነበር።

አይደለም የሚሉት ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ያወጣሉ። ፎን ኤኮኖሞ የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን ያየው ታላቁ ወረርሽኝ ከመነሣቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተጠብቀው የቆዩ የሕሙማኑን የአንጎል ናሙናዎች መርምረው የኢንፍሉዌንዛን የዘር ቅንጣት አላገኙባቸውም። በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታውን የሚመስል ሕመም በያዛቸው ዘመነኛ ሕሙማን ላይ የራስን አንጎል የሚያጠቁ ፀረ አካላት አግኝቶ፣ ጥፋቱ የቫይረሱ ሳይሆን የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ስህተት ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ አጠናከረ። በእኔ ግምት የ2001ዱ ውጤት ክርክሩን አልዘጋውም። ሌባው ቤት ውስጥ አለመገኘቱ በሩን አልከፈተም ማለት አይደለም፤ ቫይረስ መጥቶ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የመከላከል ሥርዓት ቁጣ በናሙና ውስጥ የቫይረስ አሻራ አይተውምና። ይሁን እንጂ «ኢንፍሉዌንዛ አመጣው» ብሎ በድፍረት መጻፍም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ይህ ክርክር በቪየናና በሳሞአ ሊካሄድ የቻለው መዝገብ ስለነበረ ነው። የእኛ የ1911 ዓ.ም. ታሪክ ግን የሚያቆመው በቀብሩ ላይ ነው። ከኅዳር በሽታ ተርፎ በሦስተኛው ዓመት እጁ የተንቀጠቀጠ የጉለሌ ሸማኔ፣ ወይም እየተኛ ያስቸገረ የአንኮበር ገበሬ ቢኖር ኖሮ ወደ ጠበል እንጂ ወደ መዝገብ አይሄድም ነበር። በገጠር ኢትዮጵያ የነርቭ ሕመሞች ቤት ለቤት በሥርዓት የተቆጠሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ መርምረው የሚጥል በሽታን፣ የፖሊዮ ሽባነትንና ሌሎቹንም ሲመዘግቡ ነው። የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከኅዳር በሽታ እስከዚያ ድረስ 88 ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ሕክምናው የለያቸው፣ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚያስከትሏቸው ብርቅ ጉዳቶች በርካታ ናቸው። ሁሉንም እዚህ ማተት አይቻልም፤ በእኛ የሥራ ቦታ ትርጉም ያላቸውን ብቻ ላንሣ።

አውስትራሊያዊው ራይ እ.ኤ.አ. በ1963 የገለጸው የሕፃናት ሕመም አንዱ ነው። ልጁ ከኢንፍሉዌንዛ ወይም ከጉድፍ ማገገም ከጀመረ በኋላ ያለማቋረጥ ያስመልሰዋል፣ ይነጫነጫል፣ ይቃዣል፣ ራሱን ይስታል፤ ጉበቱ በስብ ይሞላል፣ አንጎሉ ያብጣል። ከአስፕሪን ጋር ያለው ግንኙነት ከታወቀና በአሜሪካ በ1980ዎቹ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፋ። የአንድን ክኒን አጠቃቀም በመለወጥ ብቻ ይህን ያህል የተገኘበት ጊዜ በሕክምና ታሪክ ብዙ አይደለም። ሆኖም እናት ለልጇ ትኩሳት የቤቱን አስፕሪን ከፍላ ስትሰጥ ዛሬም ያጋጥመናል፤ ፓራሲታሞል በአጠገቡ እያለ።

ሌላው ጃፓናዊው ሚዙጉቺና ባልደረቦቹ በ1995 የለዩት፣ ታላመስን በሁለቱም ወገን የሚያበሰብስ ድንገተኛ የአንጎል ጉዳት ነው። ትኩሳት በገባ በቀናት ውስጥ ሕፃኑ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያም አይነቃም። በአንዳንድ ቤተሰቦች በዘር የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። በእኛ አገር ትኩሳትና ራስን መሳት አብረው ሲመጡ የወባን ደም ምርመራና የማጅራት ገትርን ሕክምና ማስቀደም ትክክል ነው፤ እነዚህ ተመርምረው ሲያበቁ ግን «ከዚህ በፊት በነበረው ሳምንት ጉንፋን ነበረው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በካርዱ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለ ጊያን–ባሬ ነው። ጊያን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን የጦር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1916 ሁለት ወታደሮች ላይ የገለጹት ይህ ሕመም፣ ከጉንፋን ወይም ከተቅማጥ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። ሰውነት ለተህዋስያኑ ያዘጋጀው ፀረ አካል የራሱን የዳር ነርቮች ያጠቃል። ድካሙ ከእግር ይነሣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልበትን በመዶሻ ቢመቱት አይፈናጠርም። ከአራት ወይም ከአምስት ሕመምተኞች የአንዱ መተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል፤ የሚገድለውም ይህና የደም ግፊትና የልብ ምት መዋዠቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ የጤና ተቋም በለቡ አካባቢ በሕንፃ ሥራ የሚተዳደር ወጣት በእናቱ ተደግፎ መጣ። ከሁለት ቀን በፊት በሌላ ቦታ ታይቶ «ድካም ነው» ተብሎ ቫይታሚን ተሰጥቶታል። እናቱ፣ «ዶክተር፣ ጉንፋኑስ ለቆት ነበር፤ አሁን እግሩ ነው የከዳው» አሉኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሙሉ የሕመም ታሪክ ናት። የሳንባ አቅም መለኪያ መሣሪያ አልነበረንም። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ፣ አየር ሳይጨምር፣ ከአንድ ጀምሮ እንዲቆጥር ጠየቅሁት። ጤነኛ ጎልማሳ ከሠላሳ በላይ ይቆጥራል፤ ከሃያ በታች ከሆነ ያሳስባል፤ ወደ አሥር ከወረደ ለመተንፈሻ መሣሪያ መዘጋጀት ይገባል። እርሱ አሥራ ስድስት ላይ አቆመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ ሳስቆጥረው አሥራ ሦስት ሆነ። አንድ ቁጥር ከሚነግረን ይልቅ የቁጥሩ ቁልቁል መውረድ የሚነግረን ይበልጣል። አምቡላንስ የጠራነው በዚያች ደቂቃ ነበር።

ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ውጤታማ ሕክምናዎች ሁለት ናቸው፤ የደም ፕላዝማ መለወጥና በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ በአገራችንም በቀላሉ አይገኙም። በአንጻሩ በልማድ የሚታዘዘው ስቴሮይድ ብቻውን እንደማይጠቅም ከተረጋገጠ ቆይቷል። ይህ ማለት ግን የምናደርገው የለም ማለት አይደለም። አብዛኛው ሕመምተኛ ጊዜ ከተሰጠው ራሱ ይድናል፤ የእኛ ሥራ ያን ጊዜ ማትረፍ ነው። ትንፋሹን መቁጠር፣ ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባ መጠበቅ፣ እግሩ ላይ ደም እንዳይረጋ መከላከል፣ ጎኑን ማገላበጥ፤ እነዚህ ሁሉ በነርሶች እጅ ያሉ ናቸው። በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የጊያን–ባሬን ሁኔታ የሚገልጽ የመላኩ፣ የዘነበና የበቀለ ጥናት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቷል፤ ላላነበቡት አሳስባለሁ።

ብዙ ባልደረቦች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከለፈሰፈሰ፣ ምርመራችን ጊያን–ባሬ ቢሆንም እንኳ፣ ለፖሊዮ ቅኝት ማሳወቅ ግዴታችን ነው። በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይላካል። ፖሊዮን ለማጥፋት የተዘረጋው ይህ መረብ ሳናውቀው የነርቭ ሕመሞችም መዝገብ ሆኖልናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኢንቴሮቫይረስ ዲ68 የተባለ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ከበዛ በኋላ ሕፃናት በድንገት ሲሰንፉ የታየው ሁኔታ፣ ፖሊዮ ከጠፋም በኋላ መረቡ ሥራ እንደማይፈታ አሳይቷል።

ክትባትን በሚመለከት ታሪኩ ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ይመጣል ተብሎ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ፤ ከ100 ሺህ ተከታቢ አንድ ያህል ተጨማሪ የጊያን–ባሬ ሕመምተኛ በመታየቱ ዘመቻው ቆመ፤ የተፈራው ወረርሽኝም ሳይመጣ ቀረ። በ2009 ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ፓንደምሪክስ የተባለው ክትባት በተለይ በፊንላንድና በስዊድን በልጆችና በወጣቶች ላይ ናርኮሌፕሲ የተባለውን የእንቅልፍ ሕመም አብዝቶ ተገኘ። በቤጂንግ ግን ክትባት ያልወሰዱ ሰዎች ጭምር ከወረርሽኙ በኋላ በዚሁ ሕመም ሲያዙ ታየ። በናርኮሌፕሲ የሚጠፉት ኦሬክሲን የሚያመነጩት የሃይፖታላመስ ሴሎች ናቸው፤ ፎን ኤኮኖሞ ጣቱን ያሳረፈበት ሠፈር። በዛሬው ዕውቀት ኢንፍሉዌንዛ ራሱ የሚያስከትለው የጊያን–ባሬ ሥጋት ወቅታዊው ክትባት ከሚያስከትለው እንደሚበልጥ ለሚጠይቁን ሰዎች ልንነግራቸው ይገባል፤ የ1976ቱንና የ2009ኙን ሳንደብቅ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ከአሜሪካ በኮቪድ ምክንያት ታላመስ የተጎዳበት የአንጎል ሕመም፣ ብዙም ሳይቆይ ከሰሜን ጣሊያን አምስት የጊያን–ባሬ ሕመምተኞች በሕክምና መጽሔቶች ታተሙ። በእኛም በኩል በኤካ ኮተቤና በሚሊኒየም አዳራሽ የሠሩ ባልደረቦች ሳል ሳይኖራቸው የቡናው ሽታ የጠፋባቸውን ሰዎች ያስታውሳሉ። ቡና ሲቆላ አለማሽተት በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ሊደበቅ የማይችል የነርቭ ምልክት ነው። ከዳኑ በኋላ የመርሳት፣ የማዞርና የእንቅልፍ ማጣት ስሞታ ይዘው የመጡትንስ ስንቶቻችን መዘገብናቸው? እኔ ራሴ ብዙዎቹን «ጭንቀት ነው» ብዬ እንደሸኘኋቸው አምናለሁ።

ያ ወጣት ኢሚዩኖግሎቡሊን አልተገኘለትም። በተላከበት ሆስፒታል ለዘጠኝ ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ተረድቶ፣ ለሁለት ወር ያህል ተኝቶ ወጣ። ከአምስት ወር በኋላ ምርኩዝ ይዞ ሲመጣ ሳልጠይቀው በሩ ላይ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ አራት ቆጠረ። እርሱ ወንበር እስኪይዝ የቀድሞውን የተመላላሽ መዝገብ አስመጣሁ። በዚያን ቀን በተጣደፈ እጅ የጻፍኩት «የእግር ድካም» የሚል ብቻ ነበር፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ከጉንፋን በኋላ በ11ኛው ቀን የጀመረ፣ ጊያን–ባሬ» ብዬ ጨመርኩበትና ቀኑን ጻፍኩ።